ያልሞቀው ጠበል

የበደለችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ጊዜውም ካቻምና መጋቢት፣ በሁዳዴ፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። ቦታው ወረታ፣ የራሷ ግቢ ውስጥ። ስሟን አልጠራም። የሚያውቁን ያውቁናል፤ ለማያውቁን ስሟ ምንም አይጨምርላቸውም። የምጽፈው እሷ የነገሩን ግማሽ ለሰው ስታወራ ስለኖረች፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናታችን ጉልበት ነው። እናታችን ዕድሜዋን የኖረችው ቁሐር ሚካኤል ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ መዘራት ከጀመረ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር እግሯ ከውሃ ወጥቶ አያውቅም። ስታርም የምትውለው ውሃ ውስጥ ቆማ ነበር። በእርጅናዋ ጉልበቷ እያበጠ፣ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ካልታሸ መቆም አቃታት። ባሌ ከሞተ በኋላ ወደ እሷ ቤት ተመልሼ፣ መሬቷን እያሳረስኩ፣ እሷን እየጦርኩ እኖር ነበር። የምትታጠብበትን ውሃ በሩዝ ገለባ አሞቅላታለሁ። የሩዝ ገለባ ቶሎ አይነድም፤ ጢሱ ቤቱን ሞልቶ ዓይን ያስለቅሳል። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አማርራ አታውቅም።

እህቴ የምትኖረው ወረታ ከተማ ነው። ባሏ የሩዝ መፈልፈያ አለው፤ ኑሯቸው ደህና ነው። ጣራቸው ላይ ውሃ የሚያሞቅ ሶላር ያስገጠሙ ሰሞን ስልክ ደወለችልኝ።

«እታለም፣ እምዬን ልውሰዳት» አለችኝ። «አንች ጋ በጢስ ዓይኗ ሊጠፋ ነው። እኔ ጋ ቧንቧ ስትከፍት ሙቅ ውሃ ይወርድላታል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ክረምቱን ብቻ ትክረምልኝ። አንችም እስቲ አረፍ በይ።»

ማረፍ አላማረኝም ነበር። ግን ጢሱ እውነት ነው፤ ጉልበቱም እውነት ነው። እናቴን ጠየቅኋት። «ክረምቱን ከሆነ ልሂድ» አለች። ሄደች።

ክረምቱ አለፈ። ውሃው ከሜዳው ሸሸ፣ ሩዙ ታጨደ፣ ተወቃ። እናቴ አልተመለሰችም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እህቴ ቤት ጎራ እያልኩ «መቼ ትመጣልኛለች?» እላለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አንች ቤት ሙቅ ውሃ አለ?»

ሶላሩን ቀርቤ ያየሁት ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ቤታቸው ጣራው ጠፍጣፋ ስለሆነ በደረጃ ይወጣል። ጥቋቁር የመስታወት ቱቦዎች በብረት አልጋ ላይ አጋድለው ተደርድረዋል። የታችኛው ጫፋቸው ድፍን ነው። የላይኛው ጫፋቸው ደግሞ ከራስጌ በተጋደመ ነጭ በርሜል ሆድ ውስጥ ተሰክቷል። ቀትር ነበር። አንዱን ቱቦ በእጄ ዳሰስኩት።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ታዲያ ፔርሙስ ከውጭ ሲነኩት ያቃጥላል?»

ቀጥላም አስረዳችኝ። ቱቦው አንድ መስታወት አይደለም፤ ሁለት ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ። በሁለቱ መካከል ያለው አየር ተመጦ ወጥቷል። የውስጠኛው መስታወት ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ፀሐይዋን ይጠጣል። የገባው ሙቀት ተመልሶ እንዳይወጣ መሸጋገሪያ የሚሆነው አየር የለም፤ እዚያው ይቀራል። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ ይቀልልና ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል። እንዲህ እየተቀያየረ በርሜሉ በሙሉ ይሞቃል። ሞተር የለው፣ መብራት የለው። በርሜሉም ድርብ ነው፤ በሁለቱ ቆርቆሮ መካከል ፎም ስላለ ትናንት የሞቀ ውሃ ዛሬ ጠዋትም ሙቅ ነው። ከአጠገቡ ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ገንዳ አለች፤ ቀዝቃዛው ውሃ መጀመሪያ ወደ እሷ ይገባና ከዚያ ወደ በርሜሉ ይወርዳል።

ያስረዳችኝ ልክ ነበር። ይህን አልነፍጋትም። ውሃውም ጥሩ ነበር። ደመና በከበደበት ቀን ለብ ከማለት አያልፍም፤ በበጋ ግን ቀዝቃዛ ካልቀላቀሉበት አይነካም። የእናቴ ጉልበት እብጠቱ ቀንሶ ነበር። ያንንም አልክድም።

በየዓመቱ በሁዳዴ እናቴ የቁሐር ሚካኤልን ጠበል ትጠመቃለች። ልጅ ሳለን ጀምሮ አንድም ዓመት አልቀረባትም። በዚያም ዓመት የካቲት ሲያልቅ መጠየቅ ጀመረች። እኔ ደስ አለኝ። «ቤታችን ትምጣና ሱባዔዋን እዚያው ትጠመቅ» አልኩ። አንዴ ከመጣች እንደማትመለስ አውቅ ነበር፤ አልጋዋን አንጥፌ ነበር የጠየቅሁት። እህቴም ይህንኑ አውቃለች።

«ቀዝቃዛ ጠበል ጉልበቷን ይገድለዋል» አለች። «ጠበሉ ወደዚህ ይምጣ። በሶላሩ እናሞቀዋለን።»

«ጠበል ይሞቃል እንዴ?»

«አባን እንጠይቃቸዋ።»

የእናቴ የንስሐ አባት የኛው አገር ካህን ናቸው፤ ለጥየቃ ወረታ መጥተው ነበር። እህቴ ሶላሩን አሳየቻቸው። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው በመቋሚያቸው ጫፍ ቱቦዎቹን ነካ ነካ አደረጉ።

«በእሳት ነው የሚያሞቀው?» አሉ።

«አይ አባ፣ እሳት የለውም። በፀሐይ ብቻ ነው።»

«በፀሐይ ከሆነ ምን ችግር አለው? ጀሪካኑን ሜዳ ላይ ብታስቀምጭው ይሞቅ የለ። ፀሐይን ማን ይከለክላታል?» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ከሌላ ውሃ ጋር ግን እንዳይቀላቀል። ከሽንት ቤቱ ጋር በተያያዘው መታጠቢያም አይሆንም። ግቢው ውስጥ፣ በሳፋ፣ የፈሰሰው ሰው ከማይረግጠው ቦታ ይደፋ።»

«እሽ አባ፤ እንዳሉት ይደረጋል» አለች እህቴ። እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ የሁለታችንንም እጅ ይዛ ነበር። አልጋው እንደተነጠፈ ቀረ።

ጠበሉን የማመጣው እኔ ሆንኩ። ማለዳ ቀድቼ ጀሪካኖቹን በጋሪ ጫንኩ። እህቴ በበኩሏ፣ ከሌላ ውሃ ጋር እንዳይቀላቀል የተባለውን ለመፈጸም፣ በርሜሉን በቧንቧ አፈሰሰችው። ይህ ብቻ አልበቃም። ድፍኑ ጫፍ ወደ ታች ስለሆነ በርሜሉ ቢደርቅም ቱቦዎቹ ውስጥ ውሃ ይቀራል። ስለዚህ የሰፈሩን የብየዳ ሠራተኛ ጠርታ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አስነቅላ ውሃውን አስደፋች፤ ውስጣቸውን በጨርቅ አስደርቃ መልሳ አስሰካች። ያን ሁሉ የሠራችው በቅን ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገድ ላይ ሳለሁ ደወለችልኝ።

«ባዶ ሆኖ እየጠበቀሽ ነው፤ ቶሎ ነይ። እምዬም እህል አልቀመሰችም።»

ቶሎ ለመድረስ ብንሞክርም ፈረሱ ደክሞ ነበር። ሽንኩርት ከሚጠጣበት የመስኖ ቦይ አጠገብ ስንደርስ ባለጋሪው አቆመና አጠጣው። አንዲት የእህቴ ጎረቤት በባጃጅ ስታልፍ አየችን፤ እጅ ተነሣሣን። ፈረሱ ጠጥቶ ሲጠግብ ጉዟችንን ቀጠልን።

ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ግቢው ውስጥ በሸራ ተከልሎ ሳፋ ተቀምጧል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባዶ ሆዷን፣ በርጩማ ላይ ትጠብቃለች። በረከት ለመካፈል የመጡ የሰፈር ሴቶች በግድግዳው ጥላ ተደርድረዋል፤ በባጃጅ ያለፈችንም ደርሳ ተቀምጣለች። ባለብየዳው ጣራ ላይ ሆኖ ጀሪካኖቹን በገመድ እየጎተተ ወደ ትንሿ ገንዳ ይገለብጣል። እኔ ከታች ገመዱን አስራለሁ።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ሽምብራ ሲቆላ እንደሚፈነዳው ያለ ነበር። አንዱ ጧ አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ተከታትለው። ባለብየዳው «ውሃው ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ ጮኸ። ጠበሉ ከጣራው ጠርዝ ላይ መውረድ ጀመረ። በግድግዳው ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ ወደ ሽንት ቤቱ ቦይ አመራ። ሴቶቹ ላለመርገጥ ጫማቸውን እያወለቁ ተነሡ፤ አንዷ በባልዲ ልትቀልብ ሮጠች፤ ሌላዋ አማተበች። የተሰባበረ መስታወት ከጠበሉ ጋር ይወርድ ስለነበር ባዶ እግሯን የሆነችው ሁሉ ባለችበት ቆማ ቀረች።

ጣራው ላይ ያለው ሰው ይራገም ጀመር። ከዚያ እህቴ፣ ቀስ ብላ፣ «ጠበል እንዲህ አያደርግም» አለች።

ዞራ አየችኝ። «እታለም፣ ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከየት እቀዳለሁ? ከሚካኤል ነዋ።»

«ከሽንኩርት ቦይ ላይ ቆማ ታይታለች» አለች ለሴቶቹ።

በባጃጅ ያለፈችን ሴት «አይቻታለሁ፤ ግን እኮ ፈረሱ…» ብላ ጀመረች። እህቴ አላስጨረሰቻትም።

«መንገዱ ረዘመባት። የእናቷን ጠበል መሸከም ከበዳት። የሽንኩርት ውሃ ነው ያመጣችልን። በሽንኩርት ውሃ ልታስጠምቃት ነበር፤ ሚካኤል አልፈቀደም።»

«ፈረሱ ነው የጠጣው» አልኩ።

ሌላ ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ይኸው ነው። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች። ምናልባት በድንጋጤ ይሆናል የሳቀችው። ሳቋ ግን ዛሬም ይሰማኛል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ወደ ቤት ገባች።

እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። በሳምንቱ ቁሐር ደረሰ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዷ ከኋላዬ «ሽንኩርቱ ደረሰልሽ?» አለችኝ። ሽንኩርት አልዘራሁም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ሶላሩን የገጠመው ባለሙያ ከባሕር ዳር መጥቶ ጣራ ላይ ነበር። እህቴም አብራው ቆማለች። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ውሃው መቼ ነው የገባው?» አላት።

«ቀን ላይ።»

«ከዚያ በፊት ደርቆ ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ። ደርቆ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ ከጋለ ዘይት ይብሳል። ሙቀቱ መውጫ የለውማ። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ሲገባበት ይፈነዳል። ባዶ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ይሞላል፤ ካልሆነም በብርድ ልብስ ሸፍነሽ፣ እስኪበርድ ጠብቀሽ ነው።»

«ጠበል ስለሆነ ምንም የማያደርገው መስሎን ነበር» አለች።

«ጠበልም ሆነ ወተት ለመስታወቱ ያው ነው።»

ከተረፉት መካከል አንዱን አንሥቶ ድፍን ጫፉን አሳያት። የደህናው ቱቦ ጫፍ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ የዚህኛው እንደ ወተት ነጥቷል። «ይኸ ባይሰበርም በመካከሉ አየር ገብቶታል። ከእንግዲህ አያሞቅም» አለና ከስብርባሪው ጋር ጣለው። ስልኩ ጠራ፤ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ።

እህቴ ዞር ስትል አየችኝ። እንደሰማሁ አወቀች። ከጣራው ወርደን ኩሽና ውስጥ ስንገባ በዝቅታ፣ «ለእምዬ አሁን አትንገሪያት። እኔ ነኝ ያደረቅሁት ብላት ትደነግጥብኛለች» አለችኝ።

«እኔ አልነግራትም። አንች ንገሪያት። ለሴቶቹም።»

«እነግራቸዋለሁ። ፋሲካ ይለፍ።»

ጠበቅሁ። ትነግራለች ብዬ አምኜ ነበር የጠበቅሁት፤ እናቴ ከኔ አፍ ብትሰማው ክርክር ይሆናል፣ ከእሷ አፍ ብትሰማው ግን ያልቃል። በመካከሉ አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ በትንሽ ጀሪካን የሚጠጣ ጠበል ይዤላት ሄድኩ። እናቴ ጀሪካኑን አየችና ወደ ጥግ ገፋ አደረገችው። «አንች አታምጭልኝ፣ ልጄ» አለች። «አባ ሲመጡ ይይዙልኛል።» እህቴ ቆማ ትሰማ ነበር። ዓይኗን ከምታጥፈው ሻሽ ላይ አላነሣችም።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። አልተናገረችም።

ግንቦት ላይ አንድ በሬ ሸጥኩ። ያንኑ ባለሙያ ቁሐር አስመጣሁት። ቤቴ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ጣራው ክብደቱን አይችልም አለ፤ ግቢው ውስጥ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ በብረት ቋሚ ላይ ተከለው። እኛ ጋ የቧንቧ ውሃ የለም። ከእጅ ፓምፑ ቀድቼ፣ መሰላል ወጥቼ፣ በባልዲ እሞላዋለሁ። ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ነው የምሞላው። ከታች ሆኖ ባልዲውን በገመድ የሚያስርልኝ ሰው ስለሌለ ራሴ ነኝ የማወጣው።

ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ በርሜሉንና ቱቦዎቹን ሲያይ ቆየና፣ «ይኸን ሁሉ ጠርሙስ ደርድረሽ አረቄ ልታወጭ ነው?» አለኝ።

«አዎ፤ መጀመሪያ አንተን አቀምስሃለሁ።»

«ለሽታውስ ሽንኩርት ታስገቢበታለሽ?»

ባልዲዬን አንሥቼ መሰላሉን ወጣሁ። እሱም የተናገረውን አውቆት ሄደ።

ውሃው መሞቁን ካየሁ በኋላ እናቴን ላመጣት ወረታ ሄድኩ። ባጃጅ አስቁሜ ነበር የገባሁት። እህቴ ገበያ ሄዳ ነበር፤ እናቴ ብቻዋን በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እምዬ፣ ሶላር ተክያለሁ። ጢስ የለም። እንሂድ» አልኳት።

እግሯን ሰብሰብ አደረገች። እኔም ይዤው የቆየሁትን ነገር ነገርኳት። ባለሙያው ጣራ ላይ የተናገረውን፣ እህቴ ኩሽና ውስጥ ያለችኝን፣ አንድም ሳልጨምር።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የዚያን ዕለት ከጀሪካኑ የተረፈውን ቀምሸዋለሁ። የሚካኤል ጠበል ነው። ጣዕሙን አጣዋለሁ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እኔንስ ለምን አታምጭልኝ አልሽኝ?»

«እሷ ቆማ ነበር።» ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች። «የምበላው የእሷን ነው፣ የምተኛው የእሷ አልጋ ላይ ነው። በሷ ላይ ልመስክርባት?»

«በኔ ላይስ?»

«አንች ትችይዋለሽ። ድሮም አንች ትችይ ነበር።»

ይህን ስትለኝ በክፋት አልነበረም። እንደ ምስጋና ነበር ያለችው። ባጃጁ ውጭ ጥሩምባ ነፋ።

«እንሂድ እምዬ» አልኳት ደግሜ።

«እዚህ ለምጃለሁ፣ ልጄ። ሰውም ይመጣል፣ ወሬም አለ። እዚያ ክረምቱ ይከብደኛል።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አንች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነይልኝ።»

ጉልበቷን ስሜ ወጣሁ። እህቴን በር ላይ አገኘኋት፤ ቅርጫቷን ይዛ ከባጃጅ ትወርዳለች። እኔ በመጣሁበት ባጃጅ ገባሁ። ሰላም አላልኳትም።

ከዚያ ወዲያ ወረታ አልሄድኩም። ገበያዬን ይፋግ አደረግሁ፤ መንገዱ ይረዝማል። እናቴን በስልክ አነጋግራታለሁ፤ ስለ ጉልበቷ እጠይቃታለሁ፣ ስለ ሩዙ ትጠይቀኛለች። አልጋዋን አጥፌ እህል አስቀመጥኩበት። ሙቁን ውሃ ራሴ እታጠብበታለሁ። ሰፈር ውስጥ አራስ ሲኖር መጥተው ይቀዳሉ፤ ጎረቤቴም ሚስቱ የወለደች ጊዜ ሁለት ባልዲ ይዞ መጥቷል፤ ሰጥቼዋለሁ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ እህቴ ሰው ላከችብኝ። አባ ታመው ስለተኙ ለእምዬ ጠበል የሚያመጣ የለም፣ እታለም ቀድታ ትላክልን አለች። ጠበሉ ሜዳ ላይ ነው፣ የፈለገ ራሱ መጥቶ ይቅዳ ብዬ መለስኩ። በሳምንቱ ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ከጠበሉ ስትመለስ አጥሬ አጠገብ ቆመች። እኔ ግቢዬ ውስጥ ለመታጠቢያ ከተከለለው ሸራ ጀርባ በሙቅ ውሃ ጸጉሬን እታጠብ ነበር።

«እታለም፣ አለሽ?» አለች።

አንድ ጣሳ ውሃ በራሴ ላይ ጨመርኩ። ታጥቤ ጨረስኩ፤ ስወጣ ሄዳ ነበር።